የልቡና ብርሃንና የሰው ግዴታ፤ ስለ ጀርመን ፈላስፎችና ስለ ዘርዐ ያዕቆብ ሐተታ

ፍልስፍና የሚለው ቃል ሲነሣ ለብዙ ሰው ከባሕር ማዶ ተጭኖ የመጣ ዕቃ ይመስለዋል። በአዳማና በስምጥ ሸለቆው ውስጥ በሚገኙት ከተሞች፥ በሞጆ፥ በመቂ፥ በባቱ፥ በአርሲ ነገሌና በሻሸመኔ የምንኖር ሰዎች ደግሞ ይህን አሳብ ለመቀበል እንቸኩላለን። ከተሞቻችን ዕድሜያቸው ረጅም አይደለም፤ አንዳንዶቹን በ1917 ዓ.ም. አዲስ አበባ የገባው የምድር ባቡር፥ ሌሎቹን ወደ ደቡብ የወረደው የመኪና መንገድ አሳደጋቸው። ባቡሩና መኪናው ያላመጡልን ነገር ጥቂት ስለሆነ፥ የማሰብን ሥራም እነርሱ ያመጡልን ይመስለናል። (በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር የተጻፉ ናቸው።)

በተለይም ጀርመኖች በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻና በ19ኛው መጀመሪያ ስለ አእምሮ፥ ስለ ልምድና ስለ ግዴታ የጻፉት ትምህርት ከኑሯችን እጅግ የራቀ ሆኖ ይታያል። ነገር ግን ጉዳዩን ቀረብ ብለን ብንመረምረው፥ ሰው ምን ሊያውቅ ይችላል? ዕውቀቱንስ ከወዴት ያገኘዋል? ማንም ሳያዘው ሊሠራው የሚገባው ነገር ምንድን ነው? የሚሉት ጥያቄዎች በአገራችንም የተጠየቁ፥ በብዕር የተጻፉ፥ በዛፍ ጥላ ሥርም የተመከረባቸው ሆነው እናገኛቸዋለን። ዛሬ ለአንባብያን ልናቀርብ ያሰብነው ይህንኑ ነው።

ከጀርመኖች ስንጀምር በመጀመሪያ የሚጠራው አማኑኤል ካንት ነው። ካንት በ1724 ዓ.ም. በምሥራቅ ፕሩስያ በኮኒግስበርግ ከተማ ከአንድ የፈረስ ዕቃ ሠሪ ቤት ተወለደ፤ በዚያው ከተማ ተማረ፥ በዚያው አስተማረ፥ በ1804 ዓ.ም. በዚያው ሞተ። ከተማይቱ ዛሬ በሩስያ ግዛት ውስጥ ስትሆን ስምዋም ካሊኒንግራድ ተብሏል። በርሱ ዘመን የአውሮፓ ሊቃውንት በሁለት ተከፍለው ይከራከሩ ነበር። እነ ዴካርትና እነ ላይብኒትስ እውነተኛው ዕውቀት ከአእምሮ ይወለዳል ሲሉ፥ እነ ሎክና እነ ሂዩም ደግሞ በዐይንና በጆሮ፥ በእጅና በምላስ ያልገባ ነገር በሰው ውስጥ አይገኝም ይሉ ነበር። ሂዩም ከዚህም አልፎ፥ አንድ ነገር ለሌላው ምክንያት መሆኑን በዐይናችን አናይም፤ የምናየው አንዱ ሌላውን ተከትሎ መምጣቱን ብቻ ነው፤ የቀረው የልማድ ሥራ ነው አለ። ካንት ከእንቅልፉ የቀሰቀሰው ይህ ስኮትላንዳዊ መሆኑን ራሱ መስክሯል።

የካንትን መልስ ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። ከአዳማ ወደ ሶደሬ የወረደ ሰው ከመሬት የሚፈልቀውን ፍል ውሃ ያውቀዋል። እጃችንን ብንነክር ሙቀቱ ይሰማናል፤ እንፋሎቱንም እናያለን፤ ይህን ሁሉ የሰጡን ሕዋሳቶቻችን ናቸው። ነገር ግን በውሃው ዳር የቆመ ሰው ሁሉ፥ እረኛም ቢሆን የጂኦሎጂ ሊቅም ቢሆን፥ ወዲያው «ይህን ውሃ ምን አሞቀው?» ብሎ ይጠይቃል። አንዱ መንፈስ አለበት ይላል፤ ሌላው በስምጥ ሸለቆው ሥር ለምድር ገጽ የቀረበ የጋለ ዐለት አለ ይላል። (ይህ ሁለተኛው መልስ በ1998 ዓ.ም. በላንጋኖ አጠገብ በአሉቶ ከምድር እንፋሎት ኤሌክትሪክ እስከ ማመንጨት አድርሶናል።) መልሶቻቸው ቢራራቁም ጥያቄያቸው አንድ ነው። «ያለ ምክንያት የሚሆን ነገር የለም» የሚለውን ደንብ ግን ማንም ከውሃው ውስጥ አልቀዳውም፤ ሰው ወደ ውሃው ሲወርድ በአእምሮው ይዞት ወርዷል።

ካንት በ1781 ዓ.ም. ባሳተመውና «የንጹሕ አእምሮ ምርመራ» ተብሎ ሊተረጐም በሚችለው ታላቅ መጽሐፉ ያስረዳው በአጭሩ ይህንን ነው። ልምድ ጥሬውን ያቀርባል፤ አእምሮ መልክ ይሰጠዋል። እህል ከሌለ ወፍጮው ባዶውን ይጮኻል፤ ወፍጮ ከሌለም እህሉ ዱቄት አይሆንም። ነገር ግን ለዚህ ወፍጮ ወሰን አበጀለት። አእምሮ ልምድ ከማይደርስበት ስፍራ፥ ማለት ስለ እግዚአብሔር መኖር፥ ስለ ነፍስ አለመሞትና ስለ ፈቃድ ነጻነት፥ ይህ በማስረጃ ተረጋግጧል ወይም በማስረጃ ፈርሷል ሊል አይችልም አለ። ይህን ያለው እነዚህን ነገሮች ለመካድ አልነበረም። በር ከዘጋባቸው በኋላ በሌላ በር አስገብቷቸዋል፤ ያም በር ግዴታ ነው።

በ1785 ዓ.ም. በወጣው የግብረ ገብ መጽሐፉ ካንት የአንድ ባለ ሱቅ ምሳሌ ያመጣል። እኛ ምሳሌውን ወደ መቂ ገበያ እናምጣውና ሽንኩርትና ቲማቲም የሚነግድ ሰው እናስብ። ይህ ነጋዴ ሚዛኑን አያጎድልም፤ ሕፃን ቢላክበት እንደ ዐዋቂው መዝኖ ይሰጠዋል። ይሁን እንጂ ይህን የሚያደርገው ደንበኞቹ እንዳይሸሹት ብሎ ከሆነ፥ ሥራው መልካም ቢሆንም ምስጋናው ለትርፉ ነው። ልጁን ስለሚወደው ቢያደርገውም ምስጋናው ለፍቅሩ ይሆናል። ማንም በማያይበት፥ ልጁም በማይወደድበት፥ ትርፍም በማይገኝበት ጊዜ «ይገባል» ብሎ ሚዛኑን ካቀና፥ ያን ጊዜ ብቻ የሥራው ዋጋ የራሱ ነው። ከዚህ ተነሥቶ ካንት ሁለት መለኪያዎች ሰጠ። አንደኛው፥ የምትሠራበትን አሳብ ሰው ሁሉ ሕግ አድርጎ ቢይዘው ልትወድ የምትችል እንደሆነ መርምር የሚል ነው። ሁሉም ሚዛን የሚያጎድል ቢሆን ሚዛን የሚባል ነገር አይኖርምና፥ አጉዳዩ ራሱ በሌሎች ቀናነት የሚኖር ሌባ ነው። ሁለተኛው፥ ሰውን፥ ራስህንም ሆነ ባልንጀራህን፥ መሣሪያ ብቻ አድርገህ አትጠቀምበት፤ ሰው ራሱ ፍጻሜ ነው የሚል ነው። ሰው ይህን ለመፈጸም ይገባዋል ካልን ደግሞ ለመፈጸም ይችላል ማለት ነው፤ ስለዚህ ነጻ ነው።

ከካንት በኋላ የመጡት ፊኽተ፥ ሼሊንግና ሄገል መምህራቸው ያበጀውን ወሰን አፈረሱት። ስለ ሁለቱ ፊተኞች ዛሬ አንናገርም። ሄገል ግን (ከ1770 እስከ 1831 የኖረ) ካንትን በአንድ ነገር ነቅፎታል፤ እርሱም ለኛ ክብደት ያለው ነቀፋ ይመስለናል። ብቻውን ተቀምጦ የሚያሰላስል ሰው ከሕጉ መልክ በቀር ግዴታውን ሊያገኝ አይችልም፤ ሰው ግዴታውን የሚማረው በቤተ ሰብ፥ በማኅበርና በመንግሥት ውስጥ ነው፤ በሥርዐትና በልማድ የኖረው እውነት በመጽሐፍ ካለው ይቀድማል አለ። ወደዚህ አሳብ እንመለስበታለን።

አስቀድመን ግን ያልተሸፈነ ነውር እንዳለ መናገር አለብን። ሰው ሁሉ ፍጻሜ ነው ያለው ካንት፥ በ1764 ዓ.ም. ስለ ውብና ስለ ግሩም ነገር በጻፈው መጽሐፍ ስለ ጥቁር ሰዎች ንቀት የሞላበት ቃል አስፍሯል። ሄገልም ስለ ታሪክ ፍልስፍና ባስተማረው ትምህርት አፍሪካን ከዓለም ታሪክ ውጪ አደረጋት። እነዚህ ሊቃውንት በልምድ የሚመካ ዕውቀት ፈላጊዎች ነን ሲሉ፥ ልምዱ በገዛ አገራቸው ነበረላቸው። ዛሬ ጋና በምትባለው አገር በአክሲም አካባቢ የተወለደው አንቶን ቪልሄልም አሞ በሕፃንነቱ ወደ ጀርመን ተወስዶ፥ በ1729 ዓ.ም. በሃለ ዩኒቨርሲቲ ስለ ጥቁር ሰዎች መብት በአውሮፓ ተከራክሯል፤ በ1734 ዓ.ም. በቪተንበርግ በፍልስፍና ጽሑፉን አቅርቧል፤ በሃለና በየና ከተሞችም አስተምሯል። ከርሱም በፊት በ1652 ዓ.ም. የመካነ ሥላሴው አባ ጎርጎርዮስ ወደ ጎታ ከተማ ሄዶ ለኢዮብ ሉዶልፍ ግዕዝንና አማርኛን፥ የአገራችንንም ታሪክ አስተምሮታል። ሉዶልፍ በ1681 ዓ.ም. ያሳተመው የኢትዮጵያ ታሪክ ከዚህ ትምህርት የተቀዳ ነው፤ ሉዶልፍም ከላይ ስሙን ከጠራነው ከላይብኒትስ ጋር ደብዳቤ ይጻጻፍ ነበር። ስለዚህ ካንት ገና ሳይወለድ የኢትዮጵያ ስም በጀርመን ሊቃውንት ጠረጴዛ ላይ ነበረ።

አሁን ወደ ራሳችን መጽሐፍ እንለፍ። «ሐተታ ዘርዐ ያዕቆብ» በሚል ስም የሚታወቀው የግዕዝ መጽሐፍ እንደሚነግረን፥ ዘርዐ ያዕቆብ በ1599 ዓ.ም. በአክሱም አጠገብ ከአንድ ድሃ ገበሬ ቤት ተወለደ። በሰዎች ዘንድ ይጠራ የነበረው ወርቄ ተብሎ ነው። ዜማና ቅኔ፥ የመጻሕፍትንም ትርጓሜ ከተማረ በኋላ በአክሱም ለአራት ዓመት አስተማረ። ዘመኑ ዐፄ ሱስንዮስ የካቶሊክን ሃይማኖት የተቀበሉበትና ፓትርያርኩ አፎንሶ ሜንዴስ በ1625 ዓ.ም. ወደ አገራችን የገባበት ዘመን ነበር። መምህሩ መጻሕፍትን ሲተረጕም «ፈረንጆች እንዲህ ይላሉ፤ ግብጻውያን እንዲህ ይላሉ» እያለ ሁለቱንም ያሳይ ነበር እንጂ ይኸኛው ነው ልክ አይልም ነበር። እንዲህ በማድረጉ ሁለቱም ወገኖች ጠሉት። (ዛሬም ቢሆን በስብሰባ ላይ የሁለቱንም ወገን አሳብ በትክክል የሚያቀርብ ሰው ከሁለቱም ምስጋና አያገኝም።) ወልደ ዮሐንስ የተባለ የንጉሥ ወዳጅ፥ ሕዝቡን ለዐመፅ ያነሣሣል ብሎ ከሰሰው። ዘርዐ ያዕቆብም ጥቂት ወርቅና መዝሙረ ዳዊቱን ይዞ በሌሊት ሸሸ፤ ወደ ሸዋ ለመውረድ አስቦ ሳለ በተከዜ አጠገብ ሰው የሌለበት ዋሻ አገኘና በዚያ ሁለት ዓመት ተቀመጠ።

በዚህ ዋሻ ውስጥ ያሰበው አሳብ ነው ዛሬ የምንነጋገርበት። ቀን ከሌት መዝሙረ ዳዊት ይደግም ነበር፤ ኋላ ግን፥ የምጸልየው ወደ ማን ነው? የሚሰማኝ አለን? ብሎ ራሱን ጠየቀ። እኔ ራሴን አልፈጠርኩም፤ አባትና እናቴም ራሳቸውን አልፈጠሩም፤ እንዲህ እያልን ወደ ኋላ ብንሄድ ያልተፈጠረ ፈጣሪ ዘንድ መድረስ አለብን ብሎ መለሰ። ከዚያም ወደ ሃይማኖቶች ክርክር ተመለሰ። ሁሉም የኔ ሃይማኖት እውነት ነው፤ የሌላው ሐሰት ነው ይላል፤ ሁሉም ተከራካሪ ከሆነ ዳኛው ማን ይሁን? ዳኛውን ከሰዎች መካከል አላገኘውም፤ ያገኘው እግዚአብሔር በሰው ሁሉ ልብ ባኖረው ብርሃን፥ እርሱ «ልቡና» ብሎ በጠራው ነው። ግዕዙ ልቡና ሲል ስሜትን አይደለም፤ የሚያስተውለውን፥ የሚለየውንና የሚፈርደውን ኃይል ነው። ሰው ለምን በሐሰት ያምናል? ለሚለው ጥያቄም መልስ አለው፤ ምርመራ ድካም ስላለበት ሰዎች ከአባቶቻቸው የሰሙትን ሳይመረምሩ መቀበል ይቀላቸዋል ይላል። ካንት በ1784 ዓ.ም. ብርሃነ አእምሮ ማለት ምን እንደሆነ ሲያስረዳ፥ ስንፍናና ፍርሃት ሰዎችን በሌላ ሞግዚትነት ሥር አቈይተዋቸዋል ያለውን ያነበበ ሰው ሁለቱን መምህራን በአንድ ጉባኤ የተቀመጡ ያህል ያያቸዋል።

ዘርዐ ያዕቆብ በዚህ ልቡና ሁሉንም መዘነ። በሕጋዊ ጋብቻ የሚደረገውን ግንኙነት ርኵሰት ነው የሚለውን የሙሴን ሕግ አልተቀበለም። ምንኵስናን፥ ፍጥረትን የሚያፈርስ ነው ብሎ ነቀፈ። ሰውን እንደ እንስሳ መሸጥና መግዛት የተፈቀደ ነው የሚለውንም ትምህርት፥ የአንድ አባት ልጆች የሆኑትን ሰዎች ማዋረድ ነውና ከእግዚአብሔር ሊሆን አይችልም አለ። ይህን ቃሉን በሥራም አሳይቶታል። ሱስንዮስ በ1632 ዓ.ም. ዙፋኑን ለልጁ ለፋሲለደስ ለቆ ከሞተ በኋላ ዘርዐ ያዕቆብ ከዋሻው ወጥቶ ወደ እንፍራዝ ሄደ፤ ሀብቱ በተባለ ባለጠጋ ቤት መጻሕፍት እየገለበጠ፥ ልጆችም እያስተማረ ይኖር ጀመር። ሊያገባት የፈለጋት ሒሩት የምትባለው የዚያ ቤት አገልጋይ ነበረች። ጌትየው ከእንግዲህ አገልጋይህ ትሁን ባለው ጊዜ፥ ባልና ሚስት እኩል ናቸውና አገልጋዬ ሳይሆን ሚስቴ ትሁን አለ። ሰውን መሣሪያ ብቻ አታድርገው የሚለው የካንት ሕግ በአንድ የእንፍራዝ ጎጆ ውስጥ እንዲህ ተፈጽሞ እናገኘዋለን።

ልዩነታቸውንም መደበቅ አይገባንም። ፈጣሪን በምክንያት ሰንሰለት ያገኘውን ማስረጃ ካንት ቢሰማ፥ ወፍጮው እህል ከሌለበት ስፍራ ገብቷል ይል ነበር። ለካንት የግብረ ገብ ሕግ የሚወጣው ከራሱ ከአእምሮ ነው፤ ለዘርዐ ያዕቆብ ግን ልቡና መብራት ነው እንጂ ዘይቱ የእግዚአብሔር ነው። ደቀ መዝሙሩ ወልደ ሕይወት ደግሞ ከመምህሩ ሌላ ጠባይ ያለው ሰው ነው፤ በተረትና በምሳሌ፥ ስለ እጅ ሥራ፥ ስለ ትዳርና ስለ ልጆች አስተዳደግ ይመክራል። መምህሩ ከአእምሮ ሲነሣ ተማሪው ከልምድ ይነሣል ብንል ብዙ አንሳሳትም።

ነገር ግን አንድ ከባድ ጥያቄ አለ። ይህን መጽሐፍ በእርግጥ የጻፈው ዘርዐ ያዕቆብ ነውን? የቀደሙት ሁለት ቅጂዎች ወደ አውሮፓ የተላኩት በ1850ዎቹ በበጌምድር ይኖር በነበረው በካፑቺን ሚሲዮናዊው በጁስቶ ዳ ኡርቢኖ አማካይነት ነው፤ የተላኩትም ለአንቷን ዳባዲ ነበር። ዛሬ በፓሪስ በፈረንሳይ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት በዳባዲ ስብስብ ውስጥ በቍጥር 215 እና 234 ይገኛሉ። በ1904 ዓ.ም. ጀርመናዊው ኤኖ ሊትማን ግዕዙን ከላቲን ትርጕም ጋር አሳተመው፤ ሩስያዊው ቱራየቭም በዚያው ዘመን ደክሞበታል። በ1920 ዓ.ም. ኢጣልያዊው ኮንቲ ሮሲኒ መጽሐፉ የጁስቶ ዳ ኡርቢኖ ድርሰት ነው ብሎ ጻፈ፤ በ1934 ዓ.ም. ጀርመናዊው ኦይገን ሚትቮኽ ይህንኑ አጸና። (ሚትቮኽ አይሁዳዊ ስለነበረ በናዚዎች ከማስተማር ሥራው ተባርሮ በ1942 ዓ.ም. በስደት በለንደን ሞተ።) ካናዳዊው ቄስ ክሎድ ሰምነር ከ1950ዎቹ ጀምሮ በአዲስ አበባ ሲያስተምር ኖሮ፥ በ1976 ዓ.ም. ባወጣው መጽሐፍ ሁለቱንም ሐተታዎች መርምሮ የኢትዮጵያውያን ሥራ ናቸው አለ። ከአገራችን ሊቃውንትም ዓለማየሁ ሞገስና አምሳሉ አክሊሉ ለመጽሐፉ ተከራክረዋል። ክርክሩ በዚህ አላለቀም፤ በ2013 ዓ.ም. ፈረንሳዊትዋ ተመራማሪ አናይስ ቪዮን የጁስቶን ደብዳቤዎች መርምራ ጥርጣሬውን አደሰችው፤ ጌታቸው ኃይሌ ደግሞ በመጨረሻ ዘመናቸው መሠረቱ የወርቄ ነው፤ በላዩ ግን የባዕድ እጅ ገብቶበታል ወደሚለው አሳብ አዘነበሉ፤ በ2023 ዓ.ም. አዲስ የእንግሊዝኛ ትርጕም ወጥቷል።

ይህ የቤተ መጻሕፍት ሰዎች ጥል ብቻ አይደለም። መጽሐፉ በ1667 ዓ.ም. የተጻፈ ከሆነ ከካንት ታላቅ መጽሐፍ በ114 ዓመት ይቀድማል፤ በ1850ዎቹ የተጻፈ ከሆነ ግን ካንት ከሞተ ግማሽ ምእት ዓመት አልፎታል ማለት ነው። የተጠራጣሪዎቹ ዋና ማስረጃ ከጁስቶ እጅ ያላለፈ የቆየ ቅጂ አለመገኘቱ ነው፤ ይህም በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። እንዲህ ያለ አሳብ ከኢትዮጵያዊ አይወጣም የሚለውን ግን እንደ ማስረጃ አንቀበለውም፤ ይህ የካንትን የ1764 ዓ.ም. ቃል እንደገና መጻፍ ነው። እንዲሁም የአገራችን ነው ብለን በኵራት ብቻ የምንሟገት ሰዎች፥ የአባቶችን ቃል ሳትመረምር አትቀበል ያለውን መጽሐፍ ሳንመረምር እየተቀበልን መሆናችንን ማየት አለብን። እኛ የቅኔ ቤትን ጠባይ፥ የዳዊቱን አጠቃቀምና የሁለቱን ደራስያን የተለያየ ጠባይ አይተን ወደ ሰምነር ወገን እናዘነብላለን፤ ቢሆንም ፍርዱ ገና አልተዘጋም።

ለመሆኑ የስምጥ ሸለቆው አገር በዚህ ሁሉ ውስጥ ድርሻው ምንድን ነው? የጽሑፍ ቅርስ የለበትም የሚል ቢኖር፥ በዝዋይ ሐይቅ በቱሉ ጉዶ ደሴት ያለውን የጽዮን ማርያም ገዳምና በዚያ የተጠበቁትን የብራና መጻሕፍት ያስታውስ። ነገር ግን የዚህ አገር ትልቁ ሀብት በቃል የኖረው ነው። አዳማ የሚለው ስም ራሱ ቍልቋል ማለት ከሆነው ከኦሮምኛው «አዳሚ» የመጣ ነው፤ በዐፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ከተማይቱ ናዝሬት ተብላ ነበር፤ በ2000 ዓ.ም. የቀድሞ ስምዋ ተመልሶላታል። በከተማይቱ ውስጥ ትልቁ አዳራሽ በአባ ገዳ ስም የሚጠራ ነው። የገዳ ሥርዐት ሥልጣን በየስምንት ዓመቱ ከአንዱ ወገን ወደ ሌላው የሚተላለፍበት ሥርዐት ሲሆን፥ በ2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ በሰው ልጅ የማይዳሰስ ቅርስነት ተመዝግቧል።

በኦሮሞ ሕዝብ ዘንድ «ሰፉ» የሚባል ነገር አለ። በአንድ የአማርኛ ቃል ለመተርጐም ያስቸግራል፤ ነውር፥ ክብርና ተገቢነት በአንድነት ያሉበት ነው። ቄስ ላምበርት ባርተልስ በወለጋ ተቀምጦ ባጠናው በ1983 ዓ.ም. መጽሐፍ፥ ከኛም ሊቃውንት ወርቅነህ ቀልቤሳ ስለዚህ ብዙ ጽፈዋል። በሰፉ መሠረት ለልጅ ከአባት፥ ለታናሽ ከታላቅ፥ ለሰው ከዛፍ፥ ከውሃና ከከብት ጋር የሚገባው መጠን አለ፤ ያን መጠን ማለፍ ነውር ነው። ካንት ግዴታን በሚያስቡ ፍጡራን መካከል ብቻ ሲያስቀምጥ፥ ሰፉ ወንዙንና ዛፉንም ያስገባል። የአዋሽን ውሃ በየእርሻው እየጠለፍን፥ የዝዋይንም ሐይቅ በየቧንቧው እየሳብን ለምንኖር ለኛ፥ በዚህ ነገር ከኮኒግስበርግ ይልቅ የአርሲ ሽማግሌ የበለጠ የሚነግረን ነገር ያለ ይመስለናል።

የአርሲ ሴቶች ሲያገቡ የሚቀበሉት «ሲንቄ» የሚባል በትር አለ። ጠብ በተነሣ ጊዜ ሴቶቹ ሲንቄያቸውን ይዘው በሁለቱ ወገኖች መካከል ቢቆሙ፥ ያን አልፎ መምታት ሰፉን መድፈር ነውና ወንዶቹ ጦራቸውን ይመልሳሉ። ይህን ግዴታ ማንም ሰው ብቻውን ተቀምጦ አላሰበውም፤ ሄገል እንዳለው በኑሮ ውስጥ የተገኘ ነው። ይሁን እንጂ ልማድ ብቻ ነው ብሎ ማለፍም ስሕተት ነው። በቦረና በጉሚ ጋዮ በየስምንት ዓመቱ ሕጉ በጉባኤ ይነሣል፤ ይመረመራል፤ የሚሻሻለው ይሻሻላል። የሽማግሌዎቹ ትዝታ ልምዱን ሲያቀርብ፥ የጉባኤው ክርክር ደግሞ የአእምሮን ሥራ ይሠራል። ሄገል አፍሪካ ታሪክ የላትም ብሎ ባስተማረ በጥቂት ዓመታት ውስጥ፥ በ1844 ዓ.ም. በሙኒክ ከተማ የኦሮምኛ መዝገበ ቃላት ታትሟል። ካርል ቱትሼክ የተባለ ወጣት ቋንቋውን የተማረው የባቫሪያው መስፍን ማክሲሚልያን ከባርነት ገዝቶ ወደ ጀርመን ካመጣቸው ልጆች አንዱ ከሆነው ከኦቹ አጋ ነው፤ ቱትሼክ በ1843 ዓ.ም. ስለሞተ ሥራውን ወንድሙ ሎሬንስ አሳተመው። በገበያ እንደ ዕቃ የተሸጠ ልጅ በሙኒክ መምህር ሆኖ ተቀመጠ።

አሁን የመንግሥት ሠራተኛን የሚነካ አንድ ነገር ቀርቶናል። ካንት በ1784 ዓ.ም. ጽሑፉ፥ ሰው በሹመት ወንበሩ ሲቀመጥ የታዘዘውን ይፈጽም፤ ግብር ከፋይ ግብሩን ይክፈል፤ ነገር ግን እንደ አንድ ዐዋቂ ሰው ለአንባቢ ዓለም ሲጽፍ፥ ይህ ትእዛዝ ወይም ይህ ግብር ልክ አይደለም ብሎ በግልጥ መከራከር መብቱ ነው ብሏል። ብዙ ሹማምንት የመጀመሪያውን ክፍል ወደውታል፤ ሁለተኛውን ረስተውታል። በ1961 ዓ.ም. በኢየሩሳሌም ለፍርድ የቀረበው አዶልፍ አይኽማን፥ አይሁድን ወደ ሞት በባቡር ሲያጓጕዝ የኖረ ሹም፥ ዕድሜዬን ሙሉ እንደ ካንት የግዴታ ትምህርት ኖሬአለሁ ብሎ ተናግሯል። ግዴታ ማለት የአለቃን ፈቃድ መፈጸም ነው ብሎ የተረዳ ሰው ከካንት መጽሐፍ ሽፋኑን ብቻ አንብቧል። የካንት ሕግ ሰጪ ሠሪው ራሱ ነው፤ ትእዛዙን ሰው ሁሉ ሕግ አድርጎ ሊይዘው ይችላልን? ብሎ ሳይጠይቅ ፊርማውን ያኖረ ጸሐፊ ግዴታውን ገና አልጀመረውም። የተጭበረበረ ደረሰኝ እንዲያትም የታዘዘ የገንዘብ ቤት ጸሐፊ ሥራው ከአይኽማን ጋር አይወዳደርም፤ ጥያቄው ግን አንድ ነው።

ይሁንና ስለ እውነት ይህን ያህል የጻፉት ሁለቱ ሰዎች ራሳቸው በዘመናቸው ምን እንዳደረጉ ማየት ይገባል። ካንት በ1793 ዓ.ም. ስለ ሃይማኖት የጻፈውን መጽሐፍ ንጉሥ ፍሪድሪክ ቪልሄልም ሁለተኛ ስላልወደደው በ1794 ዓ.ም. የተግሣጽ ደብዳቤ ላከበት። ሰባ ዓመት የሞላው ፈላስፋ የግርማዊነትዎ ታማኝ ተገዢ እንደመሆኔ ስለዚህ ነገር ከእንግዲህ አልናገርም ብሎ ቃል ሰጠ። ንጉሡ በ1797 ዓ.ም. በሞተ ጊዜ ቃሉን የሰጠሁት ለዚያ ንጉሥ ብቻ ነው ብሎ ነጻ ወጣ፤ በ1798 ዓ.ም. ባሳተመው መጽሐፍ ደብዳቤውንና መልሱን ለሰው ሁሉ ገለጠ። ሰውን ለማዳን እንኳ ቢሆን መዋሸት አይፈቀድም ብሎ የጻፈው ግን በዚያው በ1797 ዓ.ም. ነበር።

ዘርዐ ያዕቆብም ሱስንዮስ ከሞተ በኋላ እንኳ በልቡ ያለውን አልተናገረም። በሰዎች ዘንድ እንደ ሌላው ክርስቲያን ሆኖ ይታይ እንደነበረ፥ ያሰበውን ቢገልጥ ሰዎች እንደማይሰሙትና እንደሚጠሉት ስላወቀ በእንፍራዝ ተሰውሮ እንደኖረ በመጽሐፉ ውስጥ ራሱ ይናገራል። በ68 ዓመቱ ብዕር ያነሣው ተማሪው ወልደ ሕይወት ስለ ለመነው ነው። በ93 ዓመቱ በሞተ ጊዜ ወልደ ሕይወት የመምህሩን ዕረፍት በመጽሐፉ መጨረሻ ጨመረበት፤ ከዚያም የራሱን ሐተታ ጻፈ።